ሲያትል ሂሳብ ያልጠየቀችባቸው 39 ዓመታት

ለ39 ዓመታት ሲያትል ውስጥ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ ወዴት እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሆነ። ከቼሪ ስትሪት በቁጥር 3 አውቶቡስ ወደ መሃል ከተማ የሚወርድ ሰው እንደገባ ይከፍላል። ከሰዓት በኋላ በዚያው አውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ማንም ሳይጠይቀው ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚከፍለው ሰፈሩ ደርሶ ሊወርድ ሲል ነው። መሃል ከተማ ተሳፍሮ እዚያው መሃል ከተማ ከወረደ ጭራሽ አይከፍልም። በኋለኞቹ ዓመታት በወጣው ደንብ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይህ ሁሉ ይቀርና ወዴትም ቢሄድ በመግቢያው ላይ ይከፍላል።

እንግዳ ይደናገር ነበር፤ የከተማው ሰው ግን ለምዶታል።

ይህ ሥርዓት «ራይድ ፍሪ ኤሪያ» ይባላል። ሲጀመር የወጣለት ስም «ማጂክ ካርፔት» ነበር። የተጀመረው በሴፕቴምበር 1973፣ የቆመው በሴፕቴምበር 2012 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኋለኞቹ ዓመታት ክልሉ በሰሜን ከባተሪ ስትሪት፣ በደቡብ እስከ ጃክሰን ስትሪት፣ በምሥራቅ ከ6ኛ አቬኑ፣ በምዕራብ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ይደርስ ነበር። የፓይክ ፕሌስ ገበያ፣ ትልልቆቹ መደብሮች፣ ባንኮችና የመንግሥት ቢሮዎች፣ የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ የፓዮኒር ስኩዌር አሮጌ የጡብ ሕንፃዎች ሁሉ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው።

አንድ ከተማ የአውቶቡስ ሂሳብ ለመተው የወሰነው ሀብት ስለተረፈው ይመስል ይሆናል። የሲያትል ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ የቆመች ነበረች፤ እርሱም የአውሮፕላን ፋብሪካው ቦይንግ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው ፋብሪካ በ1971 ከ40,000 በታች ወረደ። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ሁለት የቤት ሽያጭ ሠራተኞች በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተከራዩ። ከሲያትል በመጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ የሚያሳስብ ጽሑፍ ነበረበት። ሰዎቹ ለቀልድ ብለው ቢያደርጉትም፣ ቤቱን ጥሎ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ግዛት ለሚሄደው ሠራተኛ ቀልድ አልነበረም።

መሃል ከተማው ከዚያም በፊት ተዳክሟል። በ1950 በሰሜን በኩል የኖርዝጌት፣ በ1968 በደቡብ በኩል የሳውዝሴንተር የገበያ ማዕከሎች ተከፍተዋል። ሁለቱም ሰፊና ነጻ የመኪና ማቆሚያ ይሰጣሉ። በ1960ዎቹ የተሠራው አይ-5 አውራ ጎዳና ደግሞ ከተማዋን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ አልፎ መሃል ከተማውን ከፈርስት ሂል ኮረብታ ለይቶታል። ለማቆሚያ ሳይከፍል የሚገበይበት ቦታ ያገኘ ባለ መኪና መሃል ከተማ ድረስ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም። ለአውቶቡሱ ነጻ መሆን የመጀመሪያው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው፤ መደብሮቹ ገበያተኛ ፈልገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የድርጅቱ አዲስነት ነው። የሲያትልና የአካባቢዋ ሕዝብ በ1968 እና በ1970 ስለ ባቡር ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ ቢደግፈውም የሚያስፈልገው 60 በመቶ ስለነበር ወደቀ። በሁለተኛው ጊዜ ሥራ አጥነቱ ገብቶ ስለነበር ድጋፉ ከግማሽ በታች ሆነ። ለሲያትል ታስቦ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወደ አትላንታ ሄደ። በሴፕቴምበር 1972 ግን ሕዝቡ በሽያጭ ላይ 0.3 በመቶ ታክስ ተጥሎ ለአውቶቡስ እንዲውል ፈቀደ። ሥራው የተሰጠው ለሜትሮ ነው። ሜትሮ በ1958 የተቋቋመው ለትራንስፖርት አልነበረም፤ የዋሽንግተን ሐይቅን እየበከለ የነበረውን የፍሳሽ ቆሻሻ እንዲያስወግድ ነበር። ሐይቁን ያጸዳው መሥሪያ ቤት ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 የአውቶቡስ ባለቤት ሆነ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላው የመሃል ከተማው ጉዞ ነጻ ሆነ።

ከተማዋን ያኔ ይመሩ የነበሩት ከንቲባ ዌስ ኡልማን ናቸው። በ1969 ሲመረጡ ገና የ34 ዓመት ሰው ነበሩ። የፓዮኒር ስኩዌር አሮጌ ሕንፃዎች ከመፍረስ የተረፉት፣ የፓይክ ፕሌስ ገበያም በሕዝብ ድምፅ የዳነው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የነጻው አውቶቡስ ስምምነት ቀላል ነበር። ሜትሮ ከተሳፋሪ ሂሳብ አይቀበልም፤ ከሚቀርበት ገቢ የተወሰነውን የከተማው አስተዳደር ይተካል። ከዚያ በፊት በመሃል ከተማ ብቻ የሚመላለስ የ10 ሳንቲም አውቶቡስ ነበር፤ አዲሱ ዕቅድ ያችን 10 ሳንቲምም አስቀረ። አገልግሎቱ በተጀመረ በወሩ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ ጣሉ፤ በአሜሪካ የነዳጅ ማደያዎች ሰልፍ ተጀመረ። ለአዲሱ አውቶቡስ ይህን ያህል የሚጠቅም ማስታወቂያ ማንም ሊገዛለት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይልቅ የአሠራር ነው፤ ስለ ነጻ አውቶቡስ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። አውቶቡስ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው መንገድ ላይ ሳይሆን ፌርማታ ላይ ነው። ሠላሳ ሰው በአንድ በር ተሰልፎ እያንዳንዱ ሳንቲም ሲፈልግ፣ ብር ሲያስተካክል፣ የመቀየሪያ ትኬት (ትራንስፈር) ሲቀበል ከኋላ ያሉት አውቶቡሶች ሁሉ ይቆማሉ። በሥራ መውጫ ሰዓት በ3ኛ አቬኑ ላይ አንዱ ከአንዱ ተከታትለው ለሚመጡ አውቶቡሶች ይህ ከባድ ነው። በሲያትል ግን በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ፤ ሰው ተግተልትሎ ይገባል፤ አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። በእርግጥ መሃል ከተማ የተረፈው ደቂቃ ዳር ሰፈር ላይ ይወጣል፤ ምክንያቱም ወራጁ ሁሉ ሊከፍል ወደ ፊተኛው በር መገፋፋት አለበት። ይሁን እንጂ ዳር ሰፈር ላይ የሚዘገየው አንድ አውቶቡስ ነው፤ መሃል ከተማ ላይ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ይህን በደንብ የተረዱ ነበሩ።

በሴፕቴምበር 1990 የተከፈተው የመሃል ከተማ የአውቶቡስ ዋሻም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ዋሻው 2.1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና አምስት ጣቢያዎች ነበሩት፤ የወጣበት ገንዘብ ከ450 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከጣሊያኑ ብሬዳ ፋብሪካ የመጡት 236 አውቶቡሶች ውጭ በናፍጣ፣ ዋሻው ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሄዱ ነበር። በጣቢያዎቹ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሰዉ ከላይ ወርዶ የመጣለት አውቶቡስ ውስጥ ይገባል፤ በቃ።

በዚህ መካከል የተሳፋሪው ዓይነት ተለወጠ። «ማጂክ ካርፔት» ሲጀመር ሲያትል ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል የመጡ ቤተሰቦች በሴንትራል ዲስትሪክት፣ በየስለር ቴራስ የመንግሥት ቤቶች፣ በሬይኒየር አቬኑ አካባቢ ሰፈሩ። ከጊዜ በኋላ የቼሪ ስትሪት ምግብ ቤቶች ተከፈቱ፤ ከሬይኒየር አቬኑ ወደ መሃል ከተማ የሚወርደው ቁጥር 7 አውቶቡስም የአማርኛ ወሬ የሚሰማበት መስመር ሆነ። ከሐበሾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ በተሳፋሪነት የሚያውቁትን ሜትሮ በኋላ በሹፌርነት ተቀጠሩበት። ስለዚህ ሲገባ ይከፈላል፣ ሲወጣ ይከፈላል የሚለውን ደንብ መሪው ላይ ተቀምጠው ለሌላው ሰው ያስረዱ የነበሩም ከእነርሱ ውስጥ አሉ።

ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ የነጻው ክልል ጥቅም ተጨባጭ ነው። ቢሮ ከቢሮ መመላለስ የስደተኛ የመጀመሪያ ዓመት ዋና ሥራ ነው። አንዱ ቢሮ ፎርም ይሰጣል፣ ሌላው ይፈርማል፣ ሦስተኛው ነገ ተመለሱ ይላል። በመሃል ከተማ ውስጥ ይህን ሁሉ ያለ ሂሳብ ማዳረስ ይቻል ነበር። ጎዳና ላይ ለሚያድሩት፣ በጡረታ ገንዘብ በአሮጌ ሆቴሎች አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩት አረጋውያንም እንዲሁ። አውቶቡሱ የተጀመረው ለገበያተኛ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ያለ እርሱ መንቀሳቀስ የማይችሉት ሌሎች ሰዎች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው የሂሳብ መዝገብ ውስጥ አልተጻፉም፤ በኋላ መዝገቡ ሲመረመርም አልተገኙም። ነጻው ክልል የወደቀው በዚህ ክፍተት ነው።

ምርመራው የመጣው በ2009 ነው። ሜትሮ ያኔ ሲያትል በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ ሥር ነበር፤ የካውንቲው ኦዲተር አሠራሩን ሲፈትሽ የከተማው አስተዳደር ለነጻው ክልል የሚከፍለው ዋጋ በምን እንደተሰላ ጠየቀ። ስሌቱ ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ሲያትል በዓመት የምትከፍለው 400,000 ዶላር ነበር፤ ሜትሮ ግን ክልሉ ቢቀር በዓመት ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ይገኛል ብሎ ገመተ። ጊዜው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ዘመን ነበር። የሜትሮ ዋና ገቢ የሽያጭ ታክስ ስለሆነ፣ ሰው መግዛት ሲያቆም የአውቶቡሱም ገቢ ወረደ። በ1972 አውቶቡሱን የወለደው ታክስ በ2009 አንቆ ያዘው።

በ2011 የበጋ ወራት ካውንቲው ሁለት ምርጫ ፊት ቆመ፤ ወይ 17 በመቶ የሚሆነውን አገልግሎት መቁረጥ፣ ወይ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ለሁለት ዓመት 20 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ መጨመር። ክፍያውን ያለ ሕዝብ ድምፅ ለማጽደቅ የዘጠኝ አባላቱ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ዳው ኮንስታንቲን ከምሥራቅ ሐይቅ ማዶ ከተሞች የተመረጡ ሁለት አባላትን ድምፅ ለማግኘት ተደራደሩ። ከድርድሩ የወጡት ነጥቦች ሁለት ናቸው። ክፍያውን ለሚከፍል ባለ መኪና የአውቶቡስ ትኬቶች ይሰጡታል፤ ካልፈለጋቸው ለድሆች መርጃ ሊያበረክታቸው ይችላል። የሲያትል ነጻ ክልል ደግሞ በ2012 መገባደጃ ይዘጋል። በኦገስት ወር ውሳኔው ጸደቀ።

ፍትሐዊ ሆኖ መናገር ያስፈልጋል፤ የምሥራቁ ተወካዮች ክርክር መሠረት ነበረው። ከቤልቪው ወይም ከሬንተን የሚመጣ ሠራተኛ ሙሉ ሂሳብ ከፍሎ ሲሳፈር፣ በመሃል ሲያትል ካለ ቢሮ ወጥቶ ምሳ ሊበላ የሚሄደው ጠበቃ በነጻ ይሄዳል። ሹፌሮችም ቅሬታ ነበራቸው፤ ሳይከፍል ገብቶ ዳር ሰፈር ላይ የለኝም ከሚል ሰው ጋር የሚጋፈጡት እነርሱ ናቸው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጠበቃው ሂሳቡን ከኪሱ አውጥቶ መክፈል ይችላል፤ በድልድይ ሥር የሚያድረው አይችልም። ስምምነቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቆጠራቸው። በዚያው ዘመን የተቋቋመው ትራንዚት ራይደርስ ዩኒየን የተባለው የተሳፋሪዎች ማኅበር የመጀመሪያ ትግሉ ይህን ውሳኔ ማስቀልበስ ነበር፤ አልተሳካለትም።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012፣ ዓርብ፣ የመጨረሻው ነጻ ቀን ሆነ። በማግሥቱ ሁሉም ተሳፋሪ በመግቢያው ላይ መክፈል ጀመረ፤ በዚያው ቀን ሜትሮ ራፒድራይድ የሚላቸውን ሁለት አዳዲስ ፈጣን መስመሮችም ሥራ አስጀመረ። በደቡብ በኩል ያለችው ፖርትላንድ ከ1975 ጀምሮ የያዘችውን ነጻ ክልል ያጠፋችው በዚያው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። የፖርትላንዱ የተጀመረው በመሃል ከተማ የመኪና ጭስ ስለበዛ ነበር። በምክንያት የተለያዩ ሁለት ጎረቤት ከተሞች በአንድ ወር ውስጥ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ።

የሲያትል አስተዳደር ግን አንድ የሚመሰገን ነገር አደረገ። ለሜትሮ ይከፍል የነበረውን 400,000 ዶላር ወደ ሌላ ሥራ አላዞረም። ሶሊድ ግራውንድ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ተዋውሎ በኦክቶበር 2012 ለድሆች የሚሆን ነጻ የመሃል ከተማ አውቶቡስ አስጀመረ። ሶሊድ ግራውንድ በ1974 የተመሠረተ፣ ከድህነት ጋር የሚታገል የከተማው ድርጅት ነው። አዲሶቹ አውቶቡሶች ትንንሾች ናቸው። ሲጀመሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይዞሩ ነበር። ቁጥሩ ሲታይ ያሳዝናል። ቀድሞ በየደቂቃው ከሚያልፉት አውቶቡሶች በፈለገው ላይ ይወጣ የነበረ ሰው አሁን ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቃል።

መስመሩ ሲታይ ግን የበሰለ ሐሳብ አለበት። አሮጌው ነጻ ክልል 6ኛ አቬኑ ላይ ያበቃ ስለነበር የሐርበርቪው ሆስፒታልን አያካትትም። ሆስፒታሉ ከአይ-5 ማዶ በፈርስት ሂል ኮረብታ ላይ ነው፤ ዳገቱን በእግር መውጣት ለጤነኛም ይከብዳል። ሐርበርቪው መድን የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ሁሉ የሚሄድበት የሕዝብ ሆስፒታል ነው። በ1994 ኤትኖሜድ የተባለውን፣ ለሐኪሞች ስለ ኢትዮጵያውያንና ስለ ሌሎች ስደተኞች ባህልና ጤና የሚያስረዳ የመረጃ ምንጭ የጀመሩትም የዚህ ሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። ትንሹ አውቶቡስ ይህን ዳገት ይወጣል። ለገበያተኛ ተብሎ በተሠመረው ክልል ያልታሰበው ሆስፒታል ለበሽተኛ ተብሎ በተሠመረው መስመር ላይ የመጀመሪያ ቦታ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የነጻ ጉዞ ሐሳብ በከተማዋ አልሞተም፤ ቅርጹን ቀየረ። በማርች 2015 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በቅናሽ የሚሰጠው ኦርካ ሊፍት ካርድ ተጀመረ። በ2019 አውቶቡሶች ከዋሻው ወጥተው ቦታውን ለባቡር ሲለቁ፣ በ3ኛ አቬኑ የእግረኛ መንገድ ላይ ካርድ ማንበቢያዎች ተተክለው ተሳፋሪ በሁሉም በር መግባት ጀመረ። የ1973ቱ ሰዎች የፈለጉት ፍጥነት በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ሜትሮ ሹፌሮቹን ለመከላከል ሂሳብ መቀበል አቆመ፤ እስከ ኦክቶበር ድረስ በመላው ካውንቲ የሜትሮ ጉዞ ነጻ ሆነ። ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ደግሞ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ በነጻ ይሳፈራል። ከቼሪ ስትሪት ተነስታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ዛሬ የምትከፍለው የለም፤ ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩት እናቷ ግን በቅናሽ ለመሳፈር ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ካርዱን ለማግኘት ማመልከት፣ ለማመልከት ገቢን በማስረጃ ማሳየት ያሻል። የማስታወሻ ደብተሩንም መታወቂያውንም ዝናብ የወሰደበት የጎዳና ሰው ይህን አያሟላም። ትንሹ አውቶቡስ የሚያስፈልገው በትክክል ለዚህ ሰው ነው፤ ምንም ሳይጠይቅ ይጭነዋልና።

የእንዲህ ያለው አውቶቡስ ዕድሜ በምን እንደሚወሰን ለማየት ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ዋሽንግተን ዲሲን መመልከት በቂ ነው። እዚያ ዲሲ ሰርኩሌተር የተባለው ቀይ አውቶቡስ በ2005 ሲጀመር ዋጋው 1 ዶላር ነበር። ከመስመሮቹ አንዱ አዳምስ ሞርጋንን ያቋርጥ ስለነበር የሐበሻ ምግብ ቤት ሠራተኞችና ደንበኞች በደንብ ያውቁታል። በ2019 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ነጻ አደረጉት። የከተማው ምክር ቤት ግን ለቀጣዩ በጀት ዓመት ገንዘቡን ስላልመደበ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ክፍያው ተመለሰ። በመጨረሻም የከተማው አስተዳደር ወጪውን መሸከም ስላልፈለገ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አገልግሎቱ ጨርሶ ቆመ። የሃያ ዓመት አውቶቡስ በአንድ የበጀት ሰነድ ተዘጋ። በሌላ በኩል በዴንቨር ከተማ በ1982 በ16ኛ ስትሪት ላይ የተጀመረው ነጻ አውቶቡስ ከአርባ ዓመት በላይ ዘልቋል። መንገዱ ራሱ ለእርሱ ተብሎ ስለተሠራ፣ አውቶቡሱን ማንሳት መንገዱን ትርጉም ማሳጣት ይሆናል።

የሲያትሉ ትንሽ አውቶቡስ የራሱ መንገድ የለውም። ያለው ውል ነው፤ ውሉን የሚያድሰውም የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ በኖቬምበር የሚያጸድቀው በጀት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያገባቸው ሰዎች ሊነጋገሩ የሚገባበት ጊዜም ቦታም የታወቀ ነው፤ በመከር ወራት በምክር ቤቱ አዳራሽ በሚደረገው የሕዝብ ማዳመጫ መድረክ። የሚጠየቀውም ነገር ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በ2012 የተመደበው 400,000 ዶላር ዛሬ ያኔ የሚገዛውን ነዳጅና የሹፌር ሰዓት እንደማይገዛ ታውቆ ድጎማው ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲሄድ። ሁለተኛ፣ የሐርበርቪው ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም እሑድም ስለሚሠራ ወደዚያ የሚወጣው መስመር ቢያንስ ምሽትና ቅዳሜን እንዲሸፍን። ሦስተኛ፣ ማን እንደሚሳፈር፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ በአግባቡ እንዲመዘገብ፤ በ2009 ኦዲተሩ ሲመጣ ያልነበረው መዝገብ ይህ ነበር።